የስኳር ሰልፍ

ሽማግሌው ከማር በቀር ጣፋጭ ነገር በአፋቸው አይዞርም። ሆኖም ሸማቾች ማኅበር ስኳር ገባ በተባለ ቁጥር ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ከሁሉም ቀድመው ይሰለፋሉ። ተራቸው ሲደርስ ደግሞ «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ አልቸኩልም» እያሉ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ።

«ይሄ እኮ መርዝ ነው!» ይላሉ ለሰልፈኛው። «ጣፋጭ ካማራችሁ ሸንኮራውን ምጠጡ፣ ማሩን ላሱ!»

«ያቺ የስኳር ምትክ የምትባለው ክኒንስ፣ ጋሼ?» ትላለች ከኋላቸው ያለችው ዘርፌ፣ ነገር ፍለጋ።

«እሷማ ጭራሽ! ሻይ ውስጥ ገብታ ምላስ የምታታልል አጭበርባሪ!»

ሰልፉ በሳቅ ያውካካል።

«ታዲያ መርዙን ለማን ነው የሚገዙት?»

«ለእንግዳ ነዋ!»

ከባለቤታቸው ሙት ዓመት ወዲህ ግን ደጃቸውን የረገጠ እንግዳ የለም።

ዛሬ ሰልፉ ገና ሞቅ ሳይል ሻጯ በመስኮቱ ብቅ አለች።

«የምሥራች! ስኳር እንደ ልብ ገብቷል። ከእንግዲህ ሰልፍ የለም፤ ባሻችሁ ሰዓት መጥታችሁ ውሰዱ!»

እልልታው ቀለጠ። ሰዉ ያሻውን ያህል ገዝቶ በየፊናው ተበተነ። ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩና ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ የዘይቱ ሰልፍስ… አለ አይደል?»