የቱልዮ አረንጓዴ ቀለም

ቱልዮ ያጠበቀውን የብሎን ዳዶ ሁሉ በአረንጓዴ ቀለም ነጥብ ያደርግበት ነበር። ቀለም የነካው ጠብቋል፤ ቀለም የሌለው ገና ነው። በጣልያኗ ብሬሺያ ከተማ ዙሪያ፣ ካርት የሚባሉት ትንንሽ የእሽቅድምድም መኪኖች በሚነዱባቸው ሜዳዎች፣ ይህን የማያውቅ መካኒክ አልነበረም። «ቱልዮ ሚስቱንም ነጥብ ሳያደርግባት ከቤት አያስወጣትም» እያሉ ይስቁበታል። ያኔ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ልጁ ኢቮ የሞተው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። የዚያን እሑድ ጠዋት ቱልዮ ተንበርክኮ የካርቱን መሪ ዳዶ ሲያጠብቅ፣ ኢቮ ከሚዛኑ ዘንድ እየሮጠ መጣ።

«ፓፓ፣ ግማሽ ኪሎ ጎደልኩ! አናስገባህም አሉኝ!»

ካርት ከነነጂው የተወሰነው ክብደት ካልሞላ አይወዳደርም። ቱልዮ መፍቻውን ጥሎ ተነሣ፤ ከባድ ብረት ፈልጎ ከመቀመጫው ጀርባ አሰረለት። ጥሩምባው ሲነፋ ልጁን ሄልሜቱ ላይ ስሞ ላከው።

በአራተኛው ዙር ኢቮ ኩርባው ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከግንቡ ጋር ተላተመ። ካርቱ ብትንትኑ ወጣ። መሪው የት፣ ጎማው የት እንደወደቀ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከኋላው ሲከተለው የነበረው ሳውሮ ነው። አባት የሌለው፣ ከኢቮ ጋር ከአንድ ሳህን ፖሌንታ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ እየበላ በቱልዮ ቤት ያደገ ልጅ ነው። አስፋልቱ ላይ ጎንበስ ቀና ሲል አይተውታል። ዳኞቹ ሲደርሱ ጡጫውን ጨብጦ ቆሞ አገኙት።

«እኔ ነኝ» አለ። «ከኋላ ገፋሁት።»

የሱ ካርት አፍንጫ እንኳ አልተጫረም። «አይ ዕድል! አንዱን አፈር ያለብሳል፣ አንዱን ጭረት እንኳ አያስነካም» አሉ ሰዎቹ።

አንድ ዓመት አገዱት። ዳቦ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆማል። እናቱ ገበያ መውጣት ተወች።

ቱልዮ አላለቀሰም። ውስጡ ደንዝዞ ቀረ፤ ምግቡም ቅዝቃዜውም አንድ ሆነበት። እገዳው ያለቀ ዕለት ግን የሳውሮን በር አንኳኳ።

«መካኒክ አለህ?»

«የለኝም፣ አጎቴ።»

«እኔ አለሁልህ።»

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ እሺ አለ።

ከተማው ወዲያው ገባው። ኤርሜስ የሚባለው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ወይን እየቀዳ፣ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰውዬው ቀኑን እየጠበቀ ነው፤ ከአፌ ያዙኝ» አለ።

እውነቱን ነው። ቱልዮ ልጁን ከትንሽ ከፍታ ሊጥለው አልፈለገም። ኢቮ ወደተመኘው ጫፍ ሊያወጣውና እዚያ ሊለቀው ነበር። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው።

ስምንት ዓመት አሳሳቀው። ሳውሮ በካርት የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ፤ ከዚያ ወደ ትንንሾቹ የፎርሙላ ውድድሮች፣ ከዚያ ወደ ትልልቆቹ። ቱልዮ እያንዳንዷን ዳዶ አጥብቆ ነጥቧን ያሳርፍባታል። ሚስቱ ኢልዴ ግን ሁሉንም ታይ ነበር። እሑድ ሻማ ሊያበራ ሲወጣ በሩ ላይ ያዘችው።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! ተው አንተ ሰው፤ ያንን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ዓይኑን አይተኸው ታውቃለህ?»

«ሾርባው ይቀዘቅዛል፤ ግቢ» አላት።

ሳውሮ አፏ የተሰፋ ትንሽ የቆዳ ከረጢት አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። መኪና ውስጥ አንገት ላይ ምንም ማሰር ስለማይፈቀድ ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት አውልቆ ለቱልዮ ይሰጠዋል።

«ያዝልኝ፣ አጎቴ።»

«የየትኛው ቅዱስ ናት?»

«እንዳትከፍታት ብቻ። አንተ አደራ አትበላም ብዬ ነው።»

በሃያ ሁለት ዓመቱ ፎርሙላ ዋን ገባ። «ያለ ቱልዮ አልፈርምም» ስላለ ሽማግሌውንም ወሰዱት፤ የፊት ግራ ጎማ ሥራው ሆነ። ሌሎቹ በቀለም ዕቃው ቢስቁም ልማዱን አልተወም።

የአገራቸው ውድድር የሚደረግበት እሑድ ግን ቀለሙን ቤት ትቶት መጣ።

ሳውሮ መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከረጢቷን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። «ዛሬ ለኢቮ ነው የምነዳው፣ አጎቴ።»

«እሺ» አለ ቱልዮ። ምንም አልተሰማውም።

በሃያኛው ዙር ሳውሮ ሁለተኛ ሆኖ እየነዳ ጎማ ሊቀይር ገባ። ሥራው ሁለት ሰከንድ ነው። አሮጌው ጎማ ወጣ፣ አዲሱ ገባ። ቱልዮ መፍቻውን ዳዶው ሳይጠብቅ ነቅሎ፣ «ጠብቋል» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። አረንጓዴ መብራት በራ። መኪናው ተፈትልኮ ወጣ።

ቱልዮ መፍቻውን ሰቀለ። ደስታ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም። ሐዘንም አልመጣም። ውጭ ሕዝቡ የሳውሮን ስም እየጠራ ይጮኻል።

ኪሱ ውስጥ ያለችው ከረጢት ጎኑን ወጋችው። ከእንግዲህ የምን አደራ ብሎ ሊጥላት አወጣት፤ ቅዱሱ ማን እንደሆነ ለማየት ግን ስፌቷን በጥርሱ በጠሰው።

መዳፉ ላይ የወደቀው የካርት መሪ ዳዶ ነበር፤ ቢያገላብጠው፣ ቢያገላብጠው፣ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ የለችበትም።