ታውኖ ቡናውን ያመሰገነ ዕለት

ሰኞ ጠዋት ታውኖ ስኒውን አስቀመጠና «ጥሩ ቡና ነው» አለ።

ሚስቱ ሂልካ ደነገጠች። በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ይህ ሰው ስለ ቡናዋ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ይጠጣል፣ ይጨመርለታል፣ ይጠጣል፤ በፊንላንድ ገጠር ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ረቡዕ ደግሞ ባሰበት። «እንዴት አደርሽ?» አላት።

እኅቷ ሳይሚ ጋ ደወለች።

«እንዴት አደርሽ አለኝ።»

«በሞትኩት! ማን? ታውኖ?»

«ታውኖ።»

«እንግዲህ ወይ ታሟል፣ ወይ ሴት ይዟል። በይ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰጂው።»

ሐኪሙ ልቡን አዳመጠ፣ የደም ግፊቱን ለካ፣ ምንም አላገኘም። «ሌላ የተናገረው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት። ሂልካ «ሹራብሽ ያምራል ብሎኛል» ስትለው መነጽሩን አወለቀ።

እንግዲህ የቀረው ሴት ነው። ሂልካ እህል አልወርድ አላት። ታውኖን ትወደዋለች፤ ያለ እሱ መኖር አትችልም። ነግራው አታውቅም እንጂ። ማን ይናገራል?

ያገኘችው በጋዜጣ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት እናቷ «ቆመሽ ልትቀሪ ነው» እያሉ ቢነዘንዟት፣ ባል እንደምትፈልግ ማስታወቂያ አወጣች። አንድ ሰው መለሰላት። እንደ ጊዜው ወግ ስሙን አልጻፈም፤ «ታማኝ» ብሎ ፈርሞ፣ በሳምንቱ መጨረሻ አበባ ይዞ እንደሚመጣ አስታወቀ። ቅዳሜ ከሰዓት ታውኖ መፍቻና መዶሻ የሞላ ሳጥን አንጠልጥሎ ደጃፉ ላይ ቆመ።

እናቷ ቡና ቀዱለት። ሦስት ስኒ ጠጣ፤ ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ተነሣና ወር ሙሉ ጠጋኝ ሲጠበቅለት የከረመውን የውኃ ፓምፕ ሠራው። እናቷ በሂልካ ጆሮ «ይሄንን እንዳትለቂው» አሉ። በረዶው ስለበረታ እዚያው አደረ። አበባውን የረሳው መስሏት ነበር፤ በማግስቱ ግን ከደጅ በረዶ ሲዝቅ ቆይቶ እቅፍ አበባ ይዞ ገባ። ከዚያ ውስጥ አንዷ ደርቃ እስከ ዛሬ በመዝሙር መጽሐፏ ውስጥ አለች።

ሐሙስ ታውኖ ወደ ከተማ ሲሄድ ሂልካ ተከተለችው። ቤተ መጻሕፍት ገባ። አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሽማግሌዎች በየመካከላቸው ሁለት ሁለት ባዶ ወንበር ትተው ተቀምጠዋል። በሩ ላይ «የልብን መናገር፣ ለጀማሪዎች» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«ታውኖ፣ ነገሯት?» አለች አስተማሪዋ።

«ገና ነኝ። በቡናው ጀምሬያለሁ።»

«ምንድን ነው የሚያስፈራዎት?»

«ከሰማች ከቤት ታስወጣኛለች።»

ሂልካ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። በአውቶቡስ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ስላልነበረ ማንም አላየባትም።

ቅዳሜ ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያቸውን፣ አሞቀች። ቁም ነገር ሌላ የት ይነገራል? ያንን አሮጌ የመፍቻ ሳጥን ደግሞ አቧራውን ጠርጋ በሩ ሥር አኖረችው። ይዞት የመጣውን ይዞት ይሂድ።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታውኖ በጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ረጨ።

«ሂልካ።»

«ማን ናት? ንገረኝና ይውጣልህ።»

«ማን?»

«ሴትዮዋ ናታ!»

«የምን ሴትዮ?» እንደገና ውኃ ረጨ። «ያን ቅዳሜ እኔ የመጣሁት ፓምፑን ልጠግን ነበር።»

ሂልካ የውኃውን ጭልፋ ከእጁ ቀማችው።

«ታዲያ ደብዳቤውን የጻፈልኝ ሰውዬስ?»

«እሑድ ጠዋት መጣ። ፓምፑ ተጠግኗል፣ አበባውን እኔ አደርሰዋለሁ ብዬ ሸኘሁት።»