የማህደሩ ሁለት ቁልፎች

አገርነሽ የተናደደች ዕለት ጠረጴዛ ትደበድባለች። በቀይ ሽብሩ ዓመት ግን ጠረጴዛውም አልበቃት አለ።

ደባርቅ ላይ በሰፈረው ትልቅ የመንገድ ሥራ ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበረች። ከሊማሊሞ ቁልቁለት እስከ ዛሪማ አካፋ የሚጨብጠውም መኪና የሚነዳውም ሁሉ ሲቀጠር ጉዳዩን የሚነግረው ለእሷ ነው፤ ዘሩን፣ ሃይማኖቱን፣ በፊት ማን ቤት እንዳደገ፣ ዘመዱ የት እንዳለ። በዚያ ዘመን ከነዚህ አንዱ ብቻ ሰው ያስገድል ነበር። ስለዚህ ለማህደር ክፍሉ የብረት በር አሠራች። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ በእሷ አንገት፣ ሌላው በጸሐፊዋ በዳኘው ኪስ።

«የሰው ገመና ነው» ትለዋለች። «ሥራ አስኪያጁ እንኳ ቢጠይቅህ ያለ እኔ አትከፍትም።»

«እሺ፣ እትዬ» ይላል ዳኘው። ከዚያ በላይ አይናገርም። ዝምታው አይጥማትም።

አንድ ቀን ቢራራ የሚባል ድንጋይ ፈላጭ ሊቀጠር መጣ።

«ወንድምህ የት ነው?»

«አልዋሽዎትም፣ እትዬ። ከኢዲዩ ሸማቂዎች ጋር ሱዳን ተሻግሯል።»

ብዕሯን አስቀምጣ ተነሣችና በሩን ዘጋችው።

«ሞቷል በል» አለችው። ሞቷል ብላ ጻፈችለት።

ያን ቀን ቤቷ የገባችው እየነደደች ነው። ባሏ ያየህ ገበያ ላይ እህል የሚነግድ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። እግሯን ለብ ባለ ውኃ ሲያጥብላት የሆዷን ዘረገፈችለት። «ሰው ወንድሙን በቁሙ የሚቀብርበት አገር!» አለች።

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጣቸው ነበር?» አላት።

ብዙም ሳይቆይ ግሬደር ነጂው ያርጋል በቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ተወሰደ። «የባላባት አሽከር ነበርህ» አሉት። ይህ ደግሞ ማህደሩ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

«ከእኛው ጓዳ የወጣ ነው!» አለች አገርነሽ ምሳ ላይ፤ እህል አልወርድ ብሏት።

«ሁለተኛው ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አለ ያየህ። «ሰው መጠርጠር አልወድም። ግን ያን ጸሐፊሽን ቀበሌ ሲገባ አይቼዋለሁ።»

ቃሉ እንደ እሾህ ተሰካባት። በማግስቱ ዳኘውን አፋጠጠችው።

«ቀበሌ ምን ትሠራለህ?»

«ታናሽ ወንድሜ ታስሯል። ስንቅ አደርሳለሁ።»

«እስካሁን ለምን አልነገርኸኝም?»

ዳኘው መሬት መሬት አየ። «ገመና ነው፣ እትዬ።»

በገዛ ቃሏ ያላገጠባት መሰላት።

በሳምንቱ ቢራራን ከሊማሊሞ፣ መዶሻው ከእጁ ሳይወርድ ወሰዱት። አገርነሽ ከዚህ በኋላ ራሷን መግዛት ተሳናት። ሠራተኛው ለስምሪት በቆመበት ግቢ ዳኘውን አንገቱን አንቃ አወጣችው።

«ይሁዳችሁ ይኸውላችሁ! ወንድሞቻችሁን የሸጣቸው ይህ ነው!»

ቁልፉን ከኪሱ ነጠቀችው። የያርጋል ወዳጆች አካፋቸውን ይዘው ከበቡት። ዳኘው «አልሸጥሁም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ክንዱን ሰብረው፣ ወደ ሽሬ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ወርውረው ሰደዱት። ለእስረኛው ወንድሙ ስንቅ የሚያደርስለት አልተገኘም።

አገርነሽ አላዘነችም። እንዲያውም ልቧ ዐረፈ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቢራራ ሚስት ገበያነሽ ከደጃፏ መጥታ ቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ግቢ ብትላት አልገባም አለች።

«ዓርብ ዕለት በሕይወት እያለ አሳዩኝ። ዛሬ ልብሱን ሰጡኝ።»

አገርነሽ ደረቷን መታች። «ወይኔ ልጄን! ከማህደሩ አውጥቶ የሸጠውን ግን ቀጥቼልሻለሁ፣ እኅቴ።»

«ማህደሩንማ አላመኑትም» አለች ገበያነሽ። «‹ወንድምህ ሱዳን ነው፤ ሞቷል በል ብላ የመከረችህም ያቺ ሴትዮ ናት› ነው ያሉት። ዓርብ ራሱ ነገረኝ። እኔ ሚስቱ እንኳ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።»

አገርነሽ ያን ምክር የሰጠችው በሩን ዘግታ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የደገመችው አንድ ምሽት ብቻ ነው፣ እግሯ ለብ ባለው ውኃ ውስጥ ሳለ።

ከውስጥ ያየህ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ማን ናት፣ አገሬ? ምን እያለችሽ ነው?» አለ።