ከትራስ ሥር የወጣው መጽሐፍ

ሃይማኖትን የሚሞግተውን መጽሐፍ ለታናሽ እህቱ መስጠቱ ውለታ ነበር ወይስ በደል? እናቱ ከልጅቷ ትራስ ሥር አውጥታ፣ ቤቱን ጠበል ሊረጩ ለመጡት የንስሐ አባታቸው ስታሳያቸው ገና አላወቀም ነበር።

«የኔ ነው አባ፤ ከውጭ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አንተማ እንግዳ ነህ፤ ነገ ትሄዳለህ» አሉ ቄሱ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት። መስቀል ልትሳለም ወደ ቀረበችው እህቱ ዞሩ። «አንቺ ግን እሑድ በቁርባን ልታገቢ ነው። እዚህ የተጻፈውን ታምኚዋለሽ?»

«ገና አልጨረስሁትም፣ አባ።»

ቄሱ መስቀሉን ከከንፈሯ ፊት መልሰው ካባቸው ሥር ከተቱት። «እንግዲያ ስትጨርሺ ስለ ሠርጉ እንነጋገራለን።» እህቱ መጽሐፉን አንሥታ ወጣች። እሱ በንዴት ስልኩን አወጣና «አላምንበትም ብለሽ ብትዋሺ ምን ነበረበት?» ብሎ ላከላት።