ሠላሳ አራት ጥርስ

የዝድራቭካ ጣት «የገምጋሚዎችን ስም አሳይ» የሚለው ቁልፍ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ተጫኚው እንጂ ልጄ!» አሉ ፕሮፌሰሩ ከኋላዋ ቆመው። «በወጣትነቴ የደከምኩበትን ጥናት የጣለው ደንቆሮ ማን እንደሆነ ልየው።»

ስለ ጥርስ መቦርቦር የተጻፉትን ጥናቶች የሚያጣራው ፕሮግራም የጸሐፊዎቹንም የገምጋሚዎቹንም ስም ይደብቃል። ሁለት ገምጋሚ «ይውደቅ» ያለው ጥናት ይወድቃል። የፕሮፌሰሩን ጥናት ከጣሉት ከሁለቱ አንዷ እሷ ነበረች፤ የዶክትሬት ወረቀቷ ላይ የሚፈርሙት ደግሞ እኚሁ ሰው ናቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ቢቀርብዎስ?»

«ምኑ ነው የሚቀረው? ሰውዬው ለመሆኑ አንድ ጥርስ ነቅሎ ያውቃል?»

በልቧ ወላዲተ አምላክን ጠርታ ተጫነችው። መጀመሪያ የእሷ ስም ወጣ።

«አንቺም?» አሉ።

ቀጥሎ የሁለተኛው ገምጋሚ ምክንያት መጣ፤ «ይህ ጸሐፊ ቁጥር አልተማረም፤ ለእያንዳንዱ አፍ ሠላሳ አራት ጥርስ አድሏል።» ከሥሩ ያለው ስም የፕሮፌሰሩ የራሳቸው ነበር።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡት። ከዚያ አፋቸውን ገጠሙ። ዝድራቭካ ቀና ብላ ስታይ፣ ምላሳቸው ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ጥርሳቸውን እየቆጠሩ ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሰውዬው እውነቱን ነው፤ ይውደቅ። በይ ወረቀትሽን አምጪ፣ ልፈርም።»