ሽማግሌዎቹና ትንሿ አውሮፕላን

ሦስቱ ሽማግሌዎች ልጅቷን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሲመጡ ይህ ሁለተኛቸው ነው። ባለፈው እሑድ አባትየው፣ የጋራዥ ሰው ነውና፣ ስለ ዘር ማንዘር አልጠየቃቸውም። «መጀመሪያ ልጄ ስለምትበርባት የመለማመጃ አውሮፕላን አጥንታችሁ ኑ። ሲፈራ ለሚኖር ቤተሰብ ልጄን አልሰጥም» ብሎ መለሳቸው። ዛሬ የመጨረሻ ዕድላቸው ነው።

«እሺ ጋሽ ወልደየስ፣ አየር ላይ ባትሪው ቢሞትስ?» አለ አባትየው።

«ሞተሩ አይጠፋም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ቀና ብለው። «ማግኔቶ የሚባለው የራሱን እሳት ያመነጫል። ለዚያውም ሁለት ነው።»

«ነዳጁስ በምን ይደርሳል?»

«ታንኩ ከላይ፣ ክንፉ ውስጥ ነው። ጣሪያ ላይ እንዳለ ሮቶ በራሱ ይወርዳል።»

«ሞተሩ ራሱ ቢጠፋስ?»

«ክንፉ መች ይጠፋል! ተንሳፍፋ ትወርዳለች። ሜዳ መምረጥ ነው።»

አባትየው ጢሙን ዳበሰ። «ካርቡሬተሩ በረዶ ቢይዝስ?»

ጋሽ ወልደየስ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

«በዚህ ሙቀት... በረዶ?»

«በሙቀትም ይይዛል፤ አላጠናችሁም ማለት ነው» አለ አባትየው ከወንበሩ እየተነሳ።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ልጅቷ የበረራ ትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ብቅ አለች።

«አባዬ ደግሞ! እሷን ጥያቄማ እኔም ፈተና ላይ ስቻታለሁ። አሳልፈውኝ እየበረርኩ አይደል?»

አባትየው ሳቁ አሸንፎት ተመልሶ ተቀመጠ።

«በሉ እንግዲህ፣ ቀኑን ቁረጡ።»