የሽማግሌው ዳጉ

ጠዋት ድንኳናቸውን ከተከሉ ጀምሮ ባሏ አንዲት ነገር ላይ ችክ ብሏል። «ጫማሽን እንዳታወልቂ፤ እዚህ ጨዉ እንደ ምላጭ ነው» ይላታል። የዳሎልን ቢጫ ምድር ሲዞሩ፣ የጨው ሜዳውን ሲያቋርጡ ፀሐይ አናታቸውን ስትበሳ ዋለች፤ እሱ ግን ያችኑ ይደጋግማል። እግሯ አብጦ ጫማው ቢጠባትም እሺ አለችው። እሱም እንደሷ አፋርን ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ ነግሯታል፤ እንዲህ የሚሳሳላት ባል ስለሰጣት ፈጣሪዋን በልቧ አመሰገነች።

አመሻሹ ላይ ወደ ድንኳናቸው ሲመለሱ ጨው የጫኑ ግመሎች የሚነዱ ሽማግሌ ገጠሟቸው። መንገድ መሪያቸው ሁመድ የሽማግሌውን እጅ እንደያዘ በአፋርኛ ብዙ አወሩ።

«ምን ይላሉ?» አለችው።

«ዳጉ ነው፣ እህቴ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል። ዳጉ ላይ አይዋሽም፤ አይደበቅምም።»

«እስቲ ለኔም ንገረኛ!» ብላ ሳቀች።

«ዝናብ የለም ይላሉ። አንዷ ግመላቸው ወልዳለች።» ሁመድ ፈገግ ብሎ ወደ ባሏ ዞረ። «ደግሞ አንተን አውቀውሃል። ‹ባለፈው ጥር እዚህ ጫማዋን አውልቃ ጨው የቆረጣት፣ ያችኛዋ ሚስትህ፣ እግሯ ዳነላት ወይ?› ይሉሃል።»

ባለፈው ጥር ባሏን ለሥልጠና ብላ ወደ ሐዋሳ የሸኘችው እሷው ነበረች።

ሽማግሌው መልሱን እየጠበቁ ቆመዋል።

እሷ ጨዉ ላይ ቁጭ አለችና የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።